ሴት ስትማታ ማን ያምናል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3፣ ከሥራ በኋላ

ዛሬም ቪዲዮ ቤቱ ጢም። አግዳሚ አልበቃ ብሎ መሬት የተቀመጠ አለ። ደብተሬ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ሰው የሚመጣው ለፊልሙ አይደለም፣ ለኔ ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ዘንግ ይዤ ቆሜ ፈረንጁ የሚለውን በአማርኛ እተረጉማለሁ፣ ሲያስፈልግም በአገሬው ቋንቋ በአሪኛ። እንግሊዝኛ አላውቅም። ተመልካቹም አያውቅም። እንግባባለን። የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ከለየሁ ወዲህ ደግሞ ጂንካ ውስጥ ማን ይችለኛል?

የዛሬው ፊልም ዋና ተዋናይ ሴት። ቀጭን። አምስት ወንድ በእርግጫ ዘረረች። ቤቱ አጉረመረመ። ውሸት ነው፣ ቀይረው አሉ። መላ የማን ነው? የኔ። ከግድግዳው ኋላ ወንድሟ ወንጭፍ ይዞ ተደብቋል፣ የሚጥላቸው እሱ ነው፣ የእሷ ሥራ እግሯን ማንሳት ብቻ ነው አልኩ። ሳቅ። ጭብጨባ። ሁሉም አመነ። የቤቱ ባለቤት አቶ በላይነህ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5፣ ከመሸ

ፊደሌ ዛሬ ተጣሟል።

ወደ ማታ ገላዬን ልታጠብ ነሪ ወንዝ ወረድኩ። ጎረቤቴ አስቴር ወዲያ ማዶ አሸዋ ትዝቃለች፣ ሌሎቹ ሄደው ብቻዋን። ባሏ የሞተባት፣ የሚጠባ ልጅ ያላት። ጥላሁን መጣ፣ አሸዋ የሚጭነው የአይሱዙ ሾፌር፣ የአቶ በላይነህ የእህት ልጅ። ከኋላዋ ያዛት። ጣላት። ጮኸች። እኔ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ራቁቴን።

ከዚያ ተላቀቀች። አካፋውን አነሣች። ክንዱን አለችው። ድምፁ እኔ ድረስ መጣ፣ እንደ ደረቅ እንጨት። ደገመችው፣ ትከሻውን። ወደቀ። አካፋዋን ወንዙ ውስጥ አጠበችና ሄደች። አጠበች እኮ!

ማታ የትኛውን ፊልም እንደተረጎምኩ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ጥላሁን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ከሰሰ። የአስቴር ወንድም ዳንኤል አድብቶ ሰበረኝ አለ። ሴት ሰበረችኝ ብሎ በዚህ ከተማ እንዴት ይኑር? ዳንኤልን ወሰዱት። ልብስ ሰፊ ነው። አስም አለበት፤ የስፌት መኪናውን ከቤት ወደ በረንዳ ሲያወጣ እንኳ ሰው ይጠራል። አስቴር ተከትላ ሄዳ እኔ ነኝ አለች። ሃምሳ አለቃው ሳቀ አሉ። ወንድም መውደድ ደግ ነው፣ አሁን ሂጂና ልጅሽን አጥቢ አላት።

ከግድግዳው ኋላ ያለውን ወንድም አገኙት ማለት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አስቴር መሐል ቆማ ሁሉንም ተናገረች፣ ያዘኝ የሚለውንም፣ ሴት በአደባባይ የማታወጣውን። አንዱ አባት አዘኑላት። «ልጄ፣ የኛ ሴት ወፍጮ ድንጋይ ተሸክማ አልዱባ ገበያ ትደርሳለች። ወንድ ግን አትሰብርም።» አለቀ።

ዳንኤል ከታሰረ ወዲህ አስሙ እየባሰበት ነው። አስቴር ምሳ አድርሳለት ስትመለስ ከንፈሩ ጠቁሯል አለች። ከዚያ ወደ ደጄ መጣች።

«አንተ ወሬኛ፣ ጭንቅላትህን ከቁጥቋጦው በላይ አይቼዋለሁ። አፍህ ለውሸት ብቻ ነው እንዴ የሚከፈተው?»

ብናገርና ቢያምኑኝ አንቺን ነው የሚያስሩሽ አልኳት። ይሰሩኝ፣ የእጄ ሥራ ነው፣ እሱ ግን እዚያ ይሞታል አለች።  

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። ሃምሳ አለቃው ወንበር ሰጠኝ፣ ጓደኞቹን ጠራ፣ ኑ ፊልም ሊተረጎም ነው አለ። እሷ ስትመታው ሙዚቃው ምን ይል ነበር አሉኝ። ተሳቀ። ሰው ማሳቅ ሥራዬ ነው፣ እንደ ዛሬ ግን መርሮኝ አያውቅም። ዳንኤል ከውስጥ ሲያስል ይሰማ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ቤቱ ሙሉ። ጥላሁን ክንዱ በጄሶ፣ ፊተኛው አግዳሚ ላይ። ሃምሳ አለቃው ከኋላ፣ ሲቪል ለብሶ። የማክሰኞዋን ሴት ካሴት ራሴ ከተትኩ።

መማታት ስትጀምር ዘንጌን አነሣሁ። ይቺ ነሪ ላይ አሸዋ ታወጣለች አልኩ።  አንድ ሾፌር መጥቶ ከኋላ ያዛት፣ በአካፋ አሥር ጊዜ አቀመሰችው፣ እናቴ ድረሽልኝ እያለ አነባ፣ እግሯን ሳመ አልኩ።

ጥላሁን ብድግ አለ። «ውሸታም! ሁለቴ ነው የመታችኝ! ማን አለቀሰ?!»

ፊልሙ ብቻውን ቀጠለ። የሚተረጉም የለም። የሚስቅም የለም። ሃምሳ አለቃው ተነሥቶ በቀስታ ወደ ፊት መጣ።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ዳንኤል ወጣ። ደግፈን አመጣነው። መናገር ተስኖት በእጁ ብቻ አመሰገነ።

አስቴርን አስገቡ፣ ከነሕፃኑ። አሁንማ ሁሉም አመናት፣ ትናንት የሳቁት ዛሬ አውሬ ናት ይላሉ። ጥላሁን ቃሉን ለውጧል፤ መታችኝ እንጂ አልነካኋትም ይላል። አቶ በላይነህ ዘንጌን ተቀብሎ በሩን አሳየኝ።

መጀመሪያ እንደያዛት ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ። ነገ ቃልህን በጽሑፍ አምጣ ተብያለሁ። ያለዚያ እሷ ሰው ሰባሪ ናት፣ እሱ ምስኪን። በራሴ እጅ እጽፋለሁ፣ ሳልጨምር። ያዛት። ጣላት። ጮኸች። ሁለቴ መታችው። ሁለት።

ግን ስትጮህ ለምን አልወጣህም ማለታቸው አይቀርም። ሴት ወንድ አትሰብርም ያሉ ሰዎች፣ ወንድ ደግሞ ተደብቆ አይቀርም አይሉም? ልብሴን እየፈለግኩ ነበር ልል አስቤ ነበር። ልብሴ እጄ ላይ ነበር። ቆሜ እያየሁ ነበር፣ ደብተሬ። ይህንን ካልጻፍኩ ሌላውንም አያምኑኝም። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ፦ እኔ ስሜ ከታች የተጻፈው፣ በዕለቱ ልብሴን ይዤ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሜ ነበር።