በርበሬውን ማን ነቀለው

ሰኞ
አንድም አልተረፈም። ጠዋት ውሃ ላጠጣ ስገባ የበርበሬው መደብ ባዶ አፈር ነው። ችግኞቹ ከነሥራቸው ተነቅለው አጥሩ ሥር ተከምረዋል፤ ፀሐይ አድርቋቸዋል። መጀመሪያ ፍየል ነው አልኩ። ፍየል ግን ይበላል እንጂ ነቅሎ አይከምርም።

ዘሩን ያመጣችው ፋጡማ ናት፣ ሐረር ካለው የእናቷ ጓሮ። እናቷ ዓምና ነው ያረፉት። ሁለት ወር ሙሉ ጥላ ሠርተን፣ በጄሪካን ውሃ እየተሸከምን አሳደግነው። የፊታችን እሁድ ለጓሮ ማኅበራችን አባላት ልናከፋፍል ነበር።

ደወልኩላት። ሱቋን ዘግታ በባጃጅ መጣች። አላለቀሰችም። ቁጢጥ ብላ ክምሩን ነካካችውና "አብዲ በሩን ክፍት ትቶት ነው፣ የመንገድ ሰው ገብቶ" አለች። አብዲ የግቢው ጥበቃ ነው። ሄዳ ጮኸችበት። እሱ መሬት መሬት አየ።

እኔ ዝም አልኩ። ክምሩን አይቼዋለሁ። ሥር ሁሉ ወደ አንድ ጎን፣ ቅጠል ሁሉ ወደ አንድ ጎን። አረም እንዲህ አስተካክሎ የሚከምር ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ማክሰኞ
ሙቀቱ አላስተኛ አለኝ። ጉልበቴም። ውሃ በእኛ ተራ አልመጣም።

ጋሽ በቀለ ቤት ሄድኩ። ማኅበሩን የመሠረተው እሱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ይሄንን ከከዚራ ሰፈር ቤቶች ጀርባ ያለ ቆሻሻ መጣያ ለምኖ አስፈቅዶ ጓሮ አደረገው። በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ገና ሰላም ሳልለው፣

"እሁድ መጥቼ ያንን አረም የዋጠውን መደብ አጸዳሁላችሁ። ሰንፋችኋል እናንተ!" አለኝ። ደስ ብሎታል። ቀጥሎ "የፋጡማ በርበሬ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ምን ልበል? "ደህና ነው" አልኩት።

ልጁ ሰናይት እስከ በር ሸኘችኝ። ሰሞኑን እየረሳ ነው አለች። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ጠፍቶበት ጎረቤት ነው ያመጣው። "ቲቸር፣ ጓሮውን እንዳትከለክሉት። ከአልጋው የሚነሳው ለሱ ብሎ ነው።" አንከለክለውም አልኳት። በማን ሥልጣን እንዳልኩ እንጃ።

ረቡዕ
ስብሰባ፣ ኒም ዛፏ ሥር። በወረቀት አሥራ አራት ነን፣ የተገኘነው ስድስት። ጋሽ በቀለ አልመጣም። ፋጡማ ጥበቃው ይቀየር አለች። ማንም አልተከራከረም፤ ሙቀቱ ራሱ አያከራክርም። ለግቢው ኃላፊዎች ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤውንም ደብዳቤውንም በገዛ እጄ ጻፍኩ።

አብዲ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ስወጣ እንደ ወትሮው ቦርሳዬን ሊይዝልኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። ደብዳቤው ውስጡ ነበራ።

ሐሙስ
የትም አልሄድኩም። ደብዳቤው አልተላከም።
ጋሽ በቀለን ላሳጣው አልፈልግም።
የአብዲ ሚስትና ልጆች ገጠር፣ ዋሂል ናቸው፣ በዚህ ደሞዝ ነው የሚኖሩት።
ፋጡማ እውነቱን ማወቅ አለባት።
ጸሐፊነቱን መተው እፈልጋለሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ለአንድ መደብ በርበሬ እንዲህ ልድከም? ደክሞኛል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ዓርብ
አብዲ ወደ ዋሂል ከመሄዱ በፊት ደረስኩበት። የነቀለው ማን እንደሆነ አውቃለሁ አልኩት።

"እኔም አውቃለሁ፣ ቲቸር" አለኝ። "እሁድ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኛ። ሲነቅል አይቼዋለሁ። ተነጋግራችሁ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ፋጡማ ስትጮህ ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ለምን አትናገርም?"

"ሽማግሌ ነው። ሰው ፊት እንዴት አዋርደዋለሁ? እኔን ቢያባርሩኝ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሄጄ እሞክራለሁ። እሱ የት ይሄዳል?"

ደብዳቤውን እዚያው ፊቱ ቀደድኩት። አፈርኩ። እሱ ዝም ሲል ለሰው ብሎ ነው፤ የኔ ዝምታ ግን ፍርሃት ነበር።

ቀጥታ ፋጡማ ሱቅ ሄድኩ፣ ለጁምዓ ልትዘጋ ስትል። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ በርበሬው አንድ ቃል አልተናገረችም። "ከሰኞ ጀምሮ ታውቂ ነበር? ያን ሁሉ ስሰድበው አጠገቤ ቆመሽ?" አለች። "ሂጂ አቦ፣ ሂጂልኝ።" መዝጊያውን ጎትታ አወረደችው።

ቅዳሜ
ውሃ መጣ። በርሜሉን ሞላሁ፣ ልብስ አጠብኩ። ፋጡማ ስልክ አታነሳም። ሦስቴ ደወልኩ።

እሁድ
የሚከፋፈል ባይኖርም ሄድኩ። ጋሽ በቀለ ከሰናይት ጋር መጣ። ቀጥሎ ፋጡማ። እኔን አልፋ ወደ አብዲ ሄደች። በኦሮምኛ ብዙ ተነጋገሩ፤ የሰማሁት "ዺፈማ" የምትለዋን ብቻ ነው፣ ይቅርታ ማለቷ ነው። አብዲ ሳቀ። ከሰኞ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሽ በቀለ ባዶው መደብ አጠገብ ቆሞ "እዚህ ምን ነበር?" አለ።

"በርበሬ" አለች ፋጡማ።

"ማን ነቀለው?"

ሰናይት እጄን ጨበጠች። ፋጡማ ግን ጠጋ ብላ፣ ሳትጮህ፣ "አንተ ነህ፣ ጋሽ በቀለ። አረም መስሎህ ነው" አለችው።

እጆቹን አገላብጦ አያቸው። "የእናትሽን?" አለ። የማን ዘር እንደነበር አልረሳም። "ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

"ወላሂ በጣም ተናድጄ ነበር። አሁን ተወው። እህቴ ሌላ ዘር ትልካለች።" በዚህ ሙቀት ይብቀል አይብቀል አላህ ይወቅ አለች።

ከእንግዲህ ብቻህን አትገባም፣ አብዲ አብሮህ ይሆናል አልነው። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሺ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ እርሳስ ጠየቀኝ፣ ከአሮጌ ሳጥን አንድ ጣውላ ፈልቅቆ በትልልቁ "በርበሬ፣ አይነቀልም" ብሎ ጻፈበትና መደቡ መሃል ተከለው። "ለኔ ነው" አለ።

ፋጡማ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ስንበተን በእግሬ ጀመርኩ። ከኋላዬ ባጃጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ግቢ፣ ላድርስሽ" አለች ፋጡማ ከውስጥ።

ገባሁ። ቤቴ በር ላይ አደረሰችኝ። ስወርድ "ነገ ስንት ሰዓት ነው የምታጠጪው?" ብላ ጠየቀችኝ።