ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለው ቦርሳ

ውድ እታለም፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ብል እጄ እንቢ አለኝ። ደህና እንዳልከረምሽ አውቃለሁና። ባለፈው ሳምንት የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አዲሱ ቤታችሁ፣ ስለ ጎረቤቶችሽ፣ ስለ ባልሽ የጀርባ ሕመም ስታወሪኝ ቆየሽና መጨረሻ ላይ፣ እንደ ተራ ነገር፣ «የነርስነት ፈቃዴን ልመልስ ነው፤ ማመልከቻውን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ወሩ ሲገባ እሰጣለሁ» አልሽኝ። ምክንያቱን አልጻፍሽም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ከጀርባው ያለውን እውነት ከእኔ ሌላ የሚያውቁት አባባ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ካለፉ ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው።

እባክሽ ይህን ብቻሽን ሆነሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ገና ከእኛ ጋር ሳለሽ፣ ያን ቀን ከሥራ ስትመለሺ ፊትሽ ምን ይመስል እንደነበር አልረሳሁም። የቤቷን ካርታ ላውጣ ብላ ወደሚነድ ቤት ተመልሳ የገባች አሮጊት አንቺ የምትሠሪበት የሕሙማን ክፍል ተኝታ ነበር። ስትሞት እጇን ይዘሽ ነበር። በማግስቱ ያን ትልቅ አረንጓዴ ቦርሳ ገዝተሽ መጣሽ። የአባባን ሰነዶች ግልባጭ በላስቲክ ጠቀለልሽ፤ ባትሪ፣ ውሃ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ጭስ ሲመጣ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ አስገባሽ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአባባን የአስም መድኃኒት፣ ያን በአፍ የሚሳበውን እኛ ቤት «ፓፍ» የምንለውን፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ አንድ መለዋወጫ በጎን ኪሱ ከተትሽ። ቦርሳውን ከበሩ ጀርባ ሰቀልሽው፤ ከጎኑ ዝርዝሩን ለጠፍሽ።

ልምምዱንስ ታስታውሺዋለሽ? አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩና ሥራው ገባቸው። ራሳቸው ሰዓቱን ይዘው «በሉ፣ ጀምሩ!» ይላሉ። የመጀመሪያ ቀን አንቺ ቦርሳውን፣ እኔ ጫማዬን፣ እሳቸው ሬዲዮናቸውን በብብታቸው ይዘን ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን።

«አባባ፣ ፓፉስ?» አልሻቸው።

«ውይ! ዜናው እየተጀመረ እኮ ነው» አሉ።

አናጢው ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ምነው፣ ሰፈሩን ለቃችሁ ልትጠፉ ነው እንዴ?» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። «ይሳቁ ግድ የለም፤ ዝርዝሩን ለባለቤትዎ ገልብጬ እሰጣታለሁ» አልሽው። ሰጠሻትም።

ባልሽ ሥራ ተዛውሮ ልትሄዱ ስትነሡ ወደ በሩ ጀርባ ጎትተሽ ወሰድሽኝ። «በየወሩ መጀመሪያ ክፈተው። ውሃውን ቀይር፣ ባትሪውን ሞክር፣ የመድኃኒቱን ቀን እይ። ከዚያ እዚህ ላይ ምልክት አድርግ።»

«ታዘናል፣ ጄኔራል!»

«አትቀልድ። አባባን አንተ ላይ ጥዬ ነው የምሄደው።»

የመጀመሪያውን ወር አደረግኩት። ሁለተኛውንም። ከዚያ ማተሚያ ቤቱ አዲስ የወረቀት መቁረጫ ማሽን አስመጣና ለአምስት ቀን ሥልጠና ሌላ ከተማ ላከኝ። የእኔ ሻንጣ ዚፕ ተበላሽቶ ነበር። ጠዋት ተነሥቼ ስጣደፍ ዓይኔ አረንጓዴው ቦርሳ ላይ አረፈ። የያዘውን ሁሉ አንድ ካርቶን ውስጥ ገለበጥኩና ካርቶኑን ቁም ሳጥን አናት ላይ ወረወርኩት። ስመለስ እመልሰዋለሁ አልኩ። ተመለስኩ፤ አልመለስኩትም። እታለም፣ ክፋት አልነበረም። ስንፍና ነበር። እያየሁት አልፋለሁ፤ ነገ እላለሁ፤ ነገም አልፈዋለሁ።

ከዚያ ልትጠይቂን መጣሽ። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ከአባባ ጋር ስትሳሳሙ ድምፅሽን ስሰማ ደነገጥኩ። ካርቶኑን ለማውረድ ወንበር ያስፈልግ ነበር፤ ጊዜ አልነበረኝም። ሁለት ትራስና አንድ አሮጌ ብርድ ልብስ ቦርሳው ውስጥ ጠቀጠቅኩና ሰቀልኩት። የዘለልኳቸውን አራት ወራት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ጭረት ጭረት አደረግኩባቸው። ገባሽ። ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ ቦርሳውን በመዳፍሽ ጫን ጫን አደረግሽው።

«ጎበዝ! እኔ እኮ ትረሳዋለህ ብዬ ስሰጋ ነበር» ብለሽ አቀፍሽኝ።

እኔም አቀፍኩሽ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

እሳቱ የተነሣው ከዚያ ቅዳሜ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። ከሰፈሩ በላይ ያለው ጫካ ለወራት ዝናብ አላየም ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ ነፋሱ የጉድ ነበር። የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ቤት ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የፖሊስ መኪና በድምፅ ማጉያ «አሁኑኑ ልቀቁ! ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ!» እያለ አለፈ። በመስኮት ስመለከት ኮረብታው አይታይም፤ ያለው ጭስ ብቻ ነው።

አባባ አንድም ሳይደናገጡ ነው የተነሡት። ኮታቸውን ለበሱ፣ ሬዲዮናቸውን አይተው ተዉት፣ ቦርሳውን ከምስማሩ ላይ ራሳቸው አወረዱ። በሩ ጋ ስንደርስ ቆም አሉ።

«ፓፌን ራስጌዬ ረስቼዋለሁ» አሉ። ከዚያ ቦርሳውን መታ መታ አድርገው ፈገግ አሉ። «ግድ የለም፤ መለዋወጫው እዚህ አለ። እህትህ ትባረክ።»

እታለም፣ እስካሁን የነገርኩሽን ሁሉ ብትተዪው እንኳ ይህን አትተዪው። ያኔ ትዝ ብሎኛል። ቦርሳው ውስጥ ትራስ እንዳለ አውቄያለሁ። ከበሩ እስከ አልጋቸው አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ በኋላ ተመልሼ ቆጥሬዋለሁ። መናገር አያስፈልገኝም ነበር እኮ። «አንዴ ልምጣ» ብዬ ሮጬ ላመጣው እችል ነበር። ግን «ለምን? ቦርሳው ውስጥ የለም እንዴ?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሜዳው ቅርብ ነው፣ እስከዚያ ምን ይሆናሉ አልኩ ለራሴ። «ኑ፣ እንሂድ» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

ሜዳው ቅርብ አልነበረም። ድልድዩ ላይ መኪኖች ተጋጭተው መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር በገበያው ዞራችሁ ሂዱ ተባልን። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ነፋሱ ዞረና ጭሱ በላያችን ላይ ወረደ። አባባ መሳል ጀመሩ። ከዚያ ያ የምታውቂው ፉጨት መጣ። አጥር ተደግፈው ቆሙና «መድኃኒቱን… አውጣልኝ» አሉ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ራሳቸው ዚፑን ሳቡት። መጀመሪያ አንዱን ትራስ አወጡ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። እጃቸውን እስከ ታች ሰደው ብርድ ልብሱን ዳበሱት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ልክ አንድ ሰዓት ከፍተው የማይጠገን መሆኑን ሲያውቁ እንደሚያዩት አዩኝ።

የደረሰልን አናጢው ነው። ከሚስቱ ጋር ከኋላችን እየመጣ ነበር። እሷ በጀርባዋ ያዘለችው ቦርሳ ውስጥ፣ ገልብጠሽ በሰጠሻት ዝርዝር ላይ ያለው ሁሉ፣ ከአባባ ፓፍ በቀር፣ አንድ ሳይጎድል ነበረ። ጨርቅ አርጥባ በአባባ አፍንጫ ላይ አሰረች። እሱ የእንጨት ጋሪውን ባዶ አድርጎ አባባን አስተኛቸው፤ እየገፋን ሮጥን። ስንደርስ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። አምቡላንሱ ኦክስጅን አደረገላቸው፤ ከዚያ ሆስፒታል።

አንቺ በማግስቱ ደረስሽ። ነርስ ነሽና መጀመሪያ የጠየቅሽው እሱን ነው። «መለዋወጫውን አልወሰዱም?»

አፌን ስከፍት አባባ ጭንብሉን በእጃቸው ገለጥ አድርገው፣ «ወስጄ ነበር። አልሠራ አለ» አሉሽ።

ፊትሽ ሲለወጥ አይቻለሁ። «እኔ ነኝ ሳልሞክረው እንደታሸገ ያስቀመጥኩት» አልሽ በቀስታ። «ቀኑን እንጂ መሥራቱን አላየሁም።» እኔ የአልጋው እግር ላይ ቆሜ ነበር። ብርድ ልብሳቸውን አስተካከልኩ።

ውሃ ልትቀጂ ስትወጪ አባባ ጠሩኝ።

«ሰማህ ያልኳትን?»

«ሰማሁ።»

«ፊትህን ሳይ ጨነቀኝና ነው እንጂ ውሸት ነው። እሷ በራሷ ላይ ታላክከዋለች ብዬ አላሰብኩም። አሁን አንተው ንገራት።»

«እነግራታለሁ፣ አባባ።»

«መቼ?»

«ሲድኑ።»

«እኔን አትጠብቅ» አሉኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በዘጠነኛው ቀን አረፉ። ሐኪሙ ሳንባቸው ቀድሞም ተጎድቶ እንደነበር፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ቢያገኙም ላይተርፉ ይችሉ እንደነበር ነግሮኛል። ይተርፉ ነበር፣ አይተርፉም ነበር፤ ያን ማወቅ አልቻልኩም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። የገዛሽው መድኃኒት ደህና ነበር። ቤታችን አልተቃጠለም፤ እሳቱ ከላይኛው መንገድ አላለፈም። ከቀብሩ በኋላ ወንበር ላይ ወጥቼ ካርቶኑን አወረድኩት። ፓፉ እንደታሸገ ነበር፤ ጊዜው ሊያልፍ ገና አንድ ዓመት ከሁለት ወር ይቀረዋል። ሌላው ራስጌያቸው፣ ከመነጽራቸው ጎን ነበር። ሁለቱንም ይዤ አልጋቸው ላይ እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

በቀብሩ ቀን አክስታችን «ነርስ ልጅ ወልዶ በመድኃኒት እጦት መሞት!» ስትል ሁለታችንም ሰምተናል። አንቺ አንገትሽን ደፋሽ። እኔም ደፋሁ። ሰው ያንቺን ሐፍረት፣ የእኔን ደግሞ ሐዘን መሰለው። በኋላ ከሕሙማን ክፍል ወጥተሽ ካርድ ክፍል መቀመጥሽን ስሰማ፣ ደክሟት ነው አልኩ። ለሰው መድኃኒት መስጠት እንደምትፈሪ ባልሽ ሲነግረኝ፣ ይለቃታል አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንቺን ሕይወት ከፊቴ እያየሁ ለእኔ ስም መሸሸጊያ አደረግኩት።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት አክስታችን ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ላይ የነበረውን ሹራብ አስቀመጠች።

«ታዲያ እዚህ እየመጣህ፣ ያቺን ልጅ ሳማት እየሰማህ፣ ዝም ብለህ ሻይዬን ትጠጣ ነበር?»

«አዎ።»

«ውጣልኝ።»

ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ። «ቆይ፣ ስልኳን ስጠኝ። አንተን ላስታርቅህ እንዳይመስልህ፤ እኔም ብሆን ከእግሯ የምወድቅበት ጉዳይ አለኝ።» ሰጠኋት፤ ግን እስከ ዓርብ እንዳትደውል ለመንኳት። መጀመሪያ ከእኔ እንድትሰሚ ብዬ ነው። ለአናጢውና ለሚስቱም ነግሬያለሁ። እሱም፣ «እኛን ያዳነችን እሷ ናት፤ ይህንንም ጻፍላት» አለኝ። ያን ቀን ሚስቱ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር እንደነበረች አላወቅኩም ነበር። ልጅቷ አሁን ትሮጣለች።

ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ይቅርታ መለመን ራሱ ሌላ ሸክም መስጠት ሊሆን ይችላል፤ የተሸከምሽው ደግሞ ይበቃል። እንዲህ ብቻ እለምንሻለሁ፦ ያን ማመልከቻ ከመስጠትሽ በፊት፣ የምትተዪው ሥራውን ጠልተሽው ከሆነ ተዪው፤ በአባባ የተነሣ ከሆነ ግን የእኔን ጥፋት በስምሽ አትፈርሚበት።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ጥያቄ ሁሉ ይኖርሻል፤ ፊት ለፊት ቆሜ እመልሳለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ያጎደልኩት ካለም አልደብቅሽም። ላይህ አልፈልግም ካልሽ ባልሽ መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ይንገረኝ፤ በመጣሁበት እመለሳለሁ፤ አልቀየምም። ከመጣሽ ደግሞ ስድቡን ቆጥበሽ አትምጪ። ሁለት ዓመት ሙሉ በራስሽ ላይ ያወረድሽውን ሁሉ፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ፣ ለባለቤቱ አስረክቢው። ቆሜ እቀበላለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ