የጋሽ ደምሴ የመምረጫ ወረቀት

ሰኞ፣ ማርች 2። ከቀኑ 6 ሰዓት።

ከጋሽ ደምሴ ቤት አሁን መውጣቴ። ብስክሌቴን አስደግፌ፣ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ ደብተሬ። ቀጣዩ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁኝ።

ዛሬም አጥቤያቸው፣ ያንን ጠባብ ካልሲ ታግዬ አጠለቅሁላቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመት። ሰውነታቸው አልቋል፣ አፋቸው ግን አልደከመም። የድሮ መርከበኛ። ምርጫ በመጣ ቁጥር ባሕር ላይ ነበርኩ ይላሉ። በሕይወታቸው አንድ ቀን ድምፅ ሰጥተው አያውቁም።

የሆላንድ ፓስፖርት የላቸውም። ለከተማው ምክር ቤት ግን አምስት ዓመት የኖረ የውጭ ዜጋም ይመርጣል ስላቸው አላመኑኝም ነበር። ይኸው ወረቀቱ በፖስታ መጣ። ስተምፓስ ይሉታል፤ እሱን ያልያዘ አይመርጥም። ስማቸው ተጽፎበታል። አሥር ጊዜ አስነበቡኝ።

ከንቲባውንስ? አሉኝ። ከንቲባ እዚህ በሕዝብ አይመረጥም፣ ይሾማል አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይኼንንስ ሳትነግሪኝም አውቀዋለሁ!»

ምርጫው በ18 ነው፤ በጋሪ ወንበራቸው እየገፋሁ ልወስዳቸው ቃል ገባሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 4። ማታ 1 ሰዓት።

ፍቅሩ መጣ። ታናሽ ወንድሜ። የጾም ሽሮ አቀረብኩ፣ ሁለት ጉርሻ በልቶ ተወው። ከስቷል። ሥራ ውሎ፣ ከዚያ ለምክር ቤቱ ምረጡኝ እያለ ቤት ለቤት። ፓርቲው ከዕጩዎቹ 14ኛ ላይ ነው የጻፈው። ከ14ኛ ቦታ በተራ አይገባም። ስሙ ላይ በቀጥታ ምልክት የሚያደርግ ብዙ ሰው ካገኘ ግን የበላዮቹን ዘሎ ይገባል።

ፍቅሩ ለዝና አይደለም የሚሮጠው። አውቀዋለሁ። ይህን የምንኖርበትን ሕንፃ ሊያፈርሱት ነው። መቶ ምናምን ቤት። ብዙዎቻችን ሐበሻ፣ ሱሪናም፣ ሞሮኮ። ወዴት እንደሚበትኑን የሚናገር የለም። ስለ ማፍረሱ በተጠራው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ በሆላንድኛ የተከራከረልን እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ጠየቀኝ። የምትንከባከቢያቸው አሮጊትና ሽማግሌዎች ከቤት አይወጡም። ወረቀታቸው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ጀርባውን አስፈርመሽ፣ መታወቂያቸውን ፎቶ አንስተሽ አምጪልኝ። ሌላ ሰው ይመርጥላቸዋል፤ ውክልና ይባላል፣ ሕጋዊ ነው።

እሺ አልኩ። ባለቤቴ ጥሎን ሲሄድ ልጄን ሊያን ስድስት ዓመት በብስክሌት ትምህርት ቤት ያመላለሰው እሱ ነው። ምን ልበለው?

እሑድ፣ ማርች 8። ከሰዓት።

አምስት ወረቀት። አራቱ ቀላል ነበሩ። ወ/ሮ ትርሐስ ምን እንደሆነም አልጠየቁኝ።

ጋሽ ደምሴ ግን ጠየቁ። ትወስጂኝ የለም ወይ? ዝናብ ይሆናል አልኳቸው። ሰልፉ ረጅም ነው። ሊፍቱም ተበላሽቷል። ሊፍቱ አልተበላሸም። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ፣» አሉና ፈረሙ። ፊርማቸው ረጅም፣ የድሮ ሰው ፊርማ። ከመሥመሩ ወጣ።

አንድ ሰው ከሁለት በላይ ውክልና መያዝ አይችልም። ሁለት እኔ ያዝኩ፣ ሦስቱን ለሌሎች እንዲያካፍል ለፍቅሩ ሰጠሁ። የጋሽ ደምሴን እኔ ጋ ማስቀመጥ ከበደኝ። ለፍቅሩ ሰጠሁት።

ዓርብ፣ ማርች 13።

መጥፎ ቀን። አጭር እጽፋለሁ።

ጠዋት ስገባ ሱፍ ልብሳቸው ወንበር ላይ ተዘርግቷል። ግራጫ፣ የእሳት እራት የበላው። ጎረቤታቸው ሱሪናማዊው ሰውዬ ሊፍቱ እንደሚሠራ ነግሯቸዋል። እሱ ሊገፋኝ ነው፣ ወረቀቴን አምጪልኝ አሉ። አልተቆጡም። ደስ ብሏቸዋል ጭራሽ።

ለፍቅሩ ደወልኩ። ወረቀቱ እሱ ጋ የለም። ለሥራ ጓደኞቹ ሰጥቷል፣ እነሱም ለጓደኞቻቸው። የማን የት እንዳለ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ ነው ሰብልዬ፣ አስረጂው አለኝ።

ማታ ለሊያ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ቢሮ ትሠራለች፣ የእነሱን ወረቀት ታውቃለች። «ማሚ፣ ዲት ካን ኒት! ይኼ አይሆንም! ሰው ራሱ ፈልጎ ነው ውክልና የሚሰጠው። ዞሮ መሰብሰብ ስትራፍባር ነው፣ ያስቀጣል። ያውም ከታካሚዎችሽ!» ወዲያው ለአጎቷ ደወለች። «አንተ ታውቅ ነበር?» አለችው። የሱን መልስ አልሰማሁም። እሷ ግን ስልኩን ዘግታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ያውቅ ነበር ማለት ነው። እኔስ? ወረቀቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ሆላንድኛ አነባለሁ። አላነበብኩትም። ማንበብ አልፈለግሁም።

ማክሰኞ፣ ማርች 17።

ፈሪ ነኝ። ሦስት ቀን ነገ አመጣዋለሁ አልኳቸው። ዛሬ ደግሞ ተራዬን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ቀየርኩ፣ ፊታቸውን ላለማየት። አሞኛል አልኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 18። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ሳልረሳው ልጻፈው።

ት/ቤቱ አዳራሽ ነው ምርጫው። ቶሎ ልገላገል ብዬ በጠዋት ሄድኩ። የኔ አንድ፣ የወ/ሮ ትርሐስና የሌላ አሮጊት ሁለት። የድምፅ መስጫው ወረቀት እንደ አንሶላ ሰፊ። በቀይ እርሳስ፣ ፍቅሩ፣ ፍቅሩ፣ ፍቅሩ። አጣጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ዘወር ስል በሩ ላይ ናቸው።

ጋሽ ደምሴ። ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው። ጎረቤታቸው ጋሪውን ይገፋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። የመጣሁት ለሳቸው መስሏቸዋል።

ጠረጴዛው ጋ ደረሱ። ሴትየዋ ስተምፓስ ጠየቀቻቸው። በጣታቸው ወደኔ አመለከቱ። «እሷ ጋ ነው።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሴትየዋ በትሕትና ጠየቀችኝ፣ ይዘሻል ወይ? ጠፍቷል አልኩ። በሆላንድኛ። እንዳይሰሙኝ ብዬ በሆላንድኛ። ያቺን ቃል ግን ያውቋታል። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ አገር የኖረ ሰው ጠፍቷል የምትለዋን ቃል እንዴት አያውቅ?

ሴትየዋ መታወቂያቸውን ሁለት ጊዜ አገላብጣ አየች። አዘነች። ያለ ወረቀቱ አይቻልም፣ አዲስ ለማውጣትም ጊዜው አልፏል። ተረጎምኩላቸው። አለቀስኩ መሰለኝ።

«ይኸው እኔ ራሴ መጥቻለሁ እኮ፣» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ። «ወረቀቱ ይበልጣል?»

ጎረቤታቸውን አውጣኝ ብለው በእጃቸው ጠቆሙት። ሲወጡ ወደ ሳጥኑ አንድ ጊዜ ዞረው አዩ።

ዓርብ፣ ማርች 20።

ፍቅሩ ምክር ቤት ገባ። በስሙ በተሰጠው ድምፅ ዘሎ ገባ። ሕንፃው በሙሉ ጮኸ። ደረጃው ላይ እየተቃቀፉ። እኔንም አቀፉኝ። የምክር ቤት አባል እኅት!

ምሳ ሰዓት ላይ አለቃዬ ደወለች። ጋሽ ደምሴ ሌላ ሠራተኛ ይላክልኝ ብለዋል። ምክንያት አልተናገሩም። ተጣልታችሁ ነው? አለች። አላውቅም አልኩ። ሌላ ውሸት። ይቀለኛል አሁን መዋሸቱ፣ ይኼ ነው ያስፈራኝ።

እሑድ፣ ማርች 22።

ከቅዳሴ በቀጥታ ወደሳቸው ሄድኩ። ይከፍቱልኛል አላልኩም። ከፈቱ። ካልሲው ተጣሟል፣ አዲሷ አልቻለችበትም። ላስተካክል ጎንበስ ስል እግራቸውን ሰበሰቡ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሊፍቱን፣ ፍቅሩን፣ ወረቀቱ ማን እጅ እንደገባ እንኳን እንደማላውቅ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፦

«ለወንድምሽ ነበር እኮ የምሰጠው።»

ቀና አልኩ።

«አዎ። ያንን ልጅ አውቀዋለሁ። ሕንፃውን አታፍርሱ ሲል በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። በገዛ እጄ ላደርገው ፈልጌ ነበር። ብትጠይቂኝ ኖሮ አንቺንም ከጎኔ አቆምሽ ነበር።»

ይቅር ይበሉኝ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበልሽ አሉ። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። ሂጂ አሁን፣ ደክሞኛል።

ማክሰኞ፣ ማርች 24። ማታ።

ለፍቅሩ ነገርኩት። ቃለ መሐላ ከመፈጸምህ በፊት ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተቆጣ። ከዚያ፣ ደብተሬ፣ ተንበረከከ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ወጥ ቤቴ ወለል ላይ። እኔ ከወጣሁ ለሕንፃው ማን ይቆማል? አንቺስ? የወሰድሽው ከታካሚዎችሽ ነው። ከዚህ በኋላ ማን ሥራ ይሰጥሻል? ሊያንስ አላሰብሽም?

ሁሉም እውነት ነው። አንድም ውሸት አልተናገረም። ሕንፃው ይፈርሳል ይሆናል። ጎረቤቶቼ በደረጃው ላይ ያቀፉኝን ያህል ይተፉብኛል።

አልቻልኩም አልኩት። ፍቅሩ፣ አልቻልኩም። ተነሥቶ ጃኬቱን ሳይይዝ ወጣ።

ረቡዕ፣ ማርች 25። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል።

ደብዳቤው አለቀ። በሆላንድኛ፣ አንድ ገጽ ተኩል። ሊያ ስሕተቴን አረመች። አንድ ቃል አልቀነሰችም፣ አንድ ቃል አልጨመረችም። መጨረሻ ላይ ማሚ እርግጠኛ ነሽ? ብላ ጠየቀችኝ፣ በአማርኛ።

የአምስቱንም ሰዎች ስም ጻፍኩ። ለእያንዳንዳቸው ምን ብዬ እንዳስፈረምኳቸው ጻፍኩ። ከሁሉ በፊት የራሴን ስም። ከዚያ እስክሪብቶውን ብዙ ጊዜ ይዤ ቆየሁ።

የወንድሜንም ስም ጻፍኩ።

ማዘጋጃ ቤት በ4 ሰዓት ይቀበሉኛል። ሊያ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አብራኝ ትመጣለች። ለአለቃዬም ዛሬ እንደማልገባ፣ ምክንያቱንም ከሰዓት መጥቼ ራሴ እንደምነግራት ጻፍኩላት።

ስልኬ ይጮኻል። ፍቅሩ ነው። አላነሣውም። ካነሣሁት አልሄድም።

እየወጣሁ ነው።