ለስፌት መኪና ጠጋኞች ግሩፕ፣ ከጣውንታችሁ

ለተከበራችሁ የስፌት መኪና ጠጋኞች ግሩፕ አድሚኖች፣ ምክትል አድሚኖችና የአድሚን አስመራጭ ኮሚቴ አባላት
ባላችሁበት

ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? ዓይናችሁስ? ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ላቀረቀረ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው አንገቱ ነውና የአንገታችሁን ደኅንነት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ባለቤቴም ደኅና ነው፤ ይህንን እንኳ በጠዋት ሰላምታችሁ ላይ ከእኔ ቀድማችሁ ሰምታችኋል።

የአስታራቂ ኮሚቴያችሁ ጸሐፊ ሚስት ነኝ፤ ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። የቤታችንን አንዲት ክፍል ለሁለት ተካፍለን፣ እሱ በበሩ በኩል የሰው መኪና እየጠገነ፣ እኔ በመስኮቱ በኩል እየሰፋሁ፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን እንውላለን። ድሮ ሥራ ሲቀዘቅዝ ዞር ብሎ በደንበኞቹ እየቀለደ ያስቀኝ ነበር። አሁን የሚስቀው ለብቻው ነው፤ ምን አሳቀህ ስለው የውስጥ ጉዳይ ነው ይለኛል። ስለዚህ እኔ የውጭ ሰው የሚከተሉትን ቅሬታዎች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1. ግሩፓችሁ ስለ ስፌት መኪና ለመመካከር መቋቋሙን በመግቢያው ላይ አንብቤ እጅግ ደስ ብሎኛል። ይሁንና ስለ ስፌት መኪና ሲወራበት ሰምቼ አላውቅም። የሚወራው ስለ ግሩፑ ነው፤ እንደ ድሮው ስላለመሆኑ፣ ማን እንዳበላሸው፣ የጠዋት ሰላምታ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል፣ ስለ ግሩፑ የሚወራበት ሌላ ግሩፕ ይከፈት ወይስ ይቅር። ተከፈተም አሉ። እዚያ ደግሞ የሁለተኛው ግሩፕ አካሄድ አላማረንም እየተባለ ነው። ላላሰለሰ ጥረታችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

2. መኪናዬ ስፌት መዝለል ከጀመረች ሰነበተች። የጠጋኝ ሚስት ሆኜ ሌላ ጠጋኝ ጋ መውሰድ ነውር መሰለኝና ባለቤቴን ለመንኩት። እሱም ጎንበስ ብሎ ከማየት ይልቅ ለእናንተ ጻፈላችሁ። እናንተም የቤተሰብ መኪና በዋናው ግሩፕ ሊጠየቅበት ይገባል ወይ በሚለው ነጥብ ላይ በሰፊው ተወያያችሁ፤ አንዱ የደንቡን አንቀጽ ጠቀሰ፣ ሌላው አንቀጹን ማን እንዳጸደቀው ጠየቀ፣ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ተኳረፉ፣ በመጨረሻም ድምፅ ተሰጥቶ ይገባል ያለው ወገን አሸነፈ። ባለቤቴ እጄን ጨብጦ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። መኪናዬ ግን ዛሬም ትዘላለች፤ የአንዲት ነርስ ጋውን ጠርዙን በእጄ ነው የጨረስኩት።

3. ይህኛው ከበድ ስለሚል ትንሽ ታገሡኝ። ቀንቻለሁ። አንዲት ሴት ብትሆኑ ኖሮ የማደርገውን አላጣም ነበር፤ ወይ ከእሷ አምሬ እለብሳለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝና፣ ወይ ቤቷ ሄጄ ልክ ልኳን እነግራታለሁ። እናንተ ግን ጢማችሁን ያጎፈራችሁ፣ እጃችሁ በማሽን ዘይት የወዛ የልጆች አባቶች ናችሁ። በምን ልፎካከራችሁ?

በቅርቡ ፔዳል የምትሉት አባላችሁ ሰላምታዬን ማንም አልመለሰልኝም ብሎ ከግሩፑ ወጣ። በደንባችሁ መሠረት አባል ሲወጣ አስታራቂ ኮሚቴው ደውሎ ምክንያቱን መጠየቅ አለበትና ባለቤቴ ደወለ። እኔ እራት አቅርቤ ቆሜ እሰማለሁ። እንዲህ ባለ ለስላሳ ድምፅ ሲናገር ከሰማሁት ስንት ዘመኔ። «ወንድሜ፣ አንተ ከወጣህ ቤቱ ጭር ብሎብናል። ያስቀየምንህን ንገረን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ብቻ ተመለስ» አለው። ቤቱ ያለው ግሩፓችሁን መሆኑን ልብ በሉልኝ። ፔዳልም አንጀቱ ራርቶ ተመለሰ።

እኔም አምና ተቀይሜ ታላቅ እኅቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ባለቤቴ አንዴ ደወለልኝ፤ ቻርጀሩን የት እንዳስቀመጥኩት ለመጠየቅ። ነግሬው ስልኩን ስዘጋው ከእኅቴ ጋር ስቀን ስቀን ሞትን። ኋላ እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ እኔ አለቀስኩ።

4. የመጨረሻው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። እባካችሁ በአባልነት ተቀበሉኝ። አላስቸግራችሁም፤ ሰላምታ አልልክም፣ አስተያየት አልሰጥም፣ ለአድሚንነትም አልወዳደርም። እንደገባሁ እወጣለሁ። ያን ጊዜ የኮሚቴው ጸሐፊ በደንባችሁ መሠረት ይደውልልኛል፤ ምን እንዳስቀየመኝም ይጠይቀኛል። የምነግረው ብዙ አለኝ። ከገዛ ቤቴ ወጥቼ ያላገኘሁትን ጥያቄ ከእናንተ ቤት ወጥቼ ካገኘሁት፣ ውለታችሁን እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ አልረሳውም።

ግሩፓችሁ ስለ ራሱ የሚያወራው እንዳያልቅበት እየተመኘሁ፣ ከእኔ የወሰዳችሁትን የባለቤቴን ጆሮ በደኅና እንድትይዙልኝ እየተማጸንኩ፣

በታላቅ አክብሮትና ከአክብሮቱ በሚበልጥ ቅናት፣
የጸሐፊያችሁ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ
ባለበት

ማስታወሻ፦ ማመልከቻዬን ቶሎ እንድታዩልኝ አደራ እላለሁ፤ ወደ እኅቴ ቤት ልሄድ ሻንጣዬን አሽጌያለሁ። በሳሎን ሳሳልፈው ባለቤቴን መንገድ እንዲለቅልኝ ጠየቅኩት። ምስጋና ለእናንተ ይሁንና፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ እግሩን ሰብሰብ አደረገልኝ።