ገብቷል፣ አልወጣም

ጥቅምት 6፣ ጧት

አባዬን አጥቤ ቁርስ አቀረብኩ። የስልሳ ሁለት ልጅ ደብተር ማረም ይቀረኛል። ታናሽ ወንድሜ ኪሮስ አሁንም ተኝቷል። ከአ.አ. ሁለት ቀን ነድቶ ትናንት ነው የገባው። አባዬ ቀስ ብለሽ ተራመጂ፣ እንዳይነቃ ይሉኛል። በገዛ ቤቴ!

ከሰዓት በኋላ

ደብተሬ፣ ጉድ ስሚ። ኪሮስ መኪናው ላይ መሣሪያ ለጠፈ። አ.አ.–አዳማ ሰው ያመላልሳል፤ የክፍያ መንገዱ በር ላይ በየጊዜው ቆሞ መክፈል ሰልችቶታል። ይህቺን ከለጠፈ በሩ ራሱ አውቆት ይከፈታል፣ ክፍያው ከሂሳቡ ይቆረጣል። የመታወቂያ ካርድ ታክላለች። መስታወቱን በሳሙና አጠበ፣ በአልኮል ጠረገ፣ በእኔ ንጹሕ ፎጣ አደረቀ። ከስፖኪዮው ጀርባ ለጥፎ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ቆየ። በሩ ያለው ሁለት ቀን ርቆ፣ ሰፈሩ ግን አሁኑኑ ሰቆጣ ውስጥ የሚከፈት ይመስል ከቦ ያያል። አባዬ በምርኩዝ ቆመው ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ ይላሉ። እኔ ላስነሣቸው ስል ወገቤን የሚሉት ሰውዬ ግማሽ ሰዓት ቆሙለት።

ምዝገባው የባለንብረቱን ስልክ ይጠይቃል። ሊብሬው በእኔ ስም ነው፤ መኪናው ሲገዛ የእሱ መታወቂያ ጊዜው አልፎ ነበር፣ እኔ ደግሞ ለሥልጠና አ.አ. ነበርኩ። ስለዚህ የእኔ ቁጥር ተሞላ። ባለመኪና ነኝ እንግዲህ። የተሳፈርኩበት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ጥቅምት 13

ኪሮስ አ.አ. ተመልሶ ሥራ ጀምሯል። 3ኛ ክፍለ ጊዜ፣ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ስልኬ ጮኸ። ተሽከርካሪዎ በቱሉ ዲምቱ በር ገብቷል። 4ኛው ላይ እንደገና። በአዳማ በር ወጥቷል። እኔ ገና ሰሌዳ እያጠፋሁ ነው፣ እሱ አዳማ ደርሷል።

ለጨዋታ ብዬ ለአባዬ ነገርኳቸው። ጨዋታ መሆኑ ቀረ። እስቲ ድገሚው አሉ። ለ"ገብቷል" መረቁት፣ ለ"ወጥቷል" አማተቡ። ምሳቸውን ጥርግ አድርገው በሉ። ያን ወጥ ትናንት ጨው በዛው ብለው ገፍተውት ነበር።

ጥቅምት 20

አሁን በየቀኑ ሆኗል። ከት/ቤት ስመለስ በር ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ዓይናቸው ቦርሳዬ ላይ ነው። ገባ? ወጣ? ከዚያ በኋላ ነው እንዴት ዋልሽ። አንዳንዴ እሱም ይቀራል።

ትናንት ለስብሰባ አምደወርቅ ነበርኩ። ስመለስ የሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶ ተራራው ላይ ተገትረን ዋልን። አቧራ ቅሜ ቤት ስደርስ አባዬ በር ላይ ናቸው፣ ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም። ስልክሽ ዛሬ ምን አለ? አሉኝ። እንኳን ደህና ገባሽ የለ፣ ምን የለ።

ልንገርሽ? ቀናሁ። በኪሮስ ቀናሁ። ጎማ በማይፈነዳበት መንገዱ ቀናሁ። በዚያች ምላስ በሌላት ካርድም ቀናሁ። ስምንት ዓመት ነው እኚህን ሰው የማነሣ የማስቀምጣቸው። ለእኔ መግባትና መውጣት ያማተበ ሰው አላየሁም።

ጥቅምት 26፣ 8 ሰዓት

የአባዬ የአክስት ልጅ ከደሃና መጥተው ምሳ ላይ ነበርን። እኔ አባዬን እጅ እያስታጠብኩ ነው። እንግዳው እንዲህ ደክመህ፣ ታዲያ ማን አለህ? ብለው ጠየቁ።

"ኪሮስ አለልኝ" አሉ አባዬ።

ውኃውን የማፈሰው እኔ! እንግዳው ቀና ብለው አዩኝና አቀረቀሩ። አባዬ እጃቸውን አራግፈው እንጀራ ቆረሱ።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ገብቷል። አነበብኩላቸው፣ መረቁ። እንግዳው ሄዱ። ከዚያ ሁለተኛው። በአዳማ በር ወጥቷል። አየሁት። አጠፋሁት።

"ወጣ?"

"አልወጣም።"

የስልኩንም ድምፅ ዘጋሁት፣ ሲመለስ የሚመጣው እንዳይሰማ። ደውዪለት አሉኝ። ኔትወርክ የለም አልኩ። እዚህ አገር ማንም ሳይጠራጠር የሚያምነው ውሸት ቢኖር ይሄ ነው።

ጥቅምት 27፣ ጧት 1 ሰዓት

ራት አልበሉም። ቁርስም አልነኩም። ኪሮስ መንገዱ ግራ ቀኝ አጥር አለው ብሎኛል፤ ከገባ ሳይወጣ ወዴት ይሄዳል? ይላሉ። ከራሳቸው ጋር በኽምጣና ቋንቋ ያወራሉ። ጸሎት ይሁን ሙግት አልለየሁም። እውነቱ ሁለት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

የማፍርበትን ለአንቺ ብቻ ልጻፍ። ግማሽ ልቤ ደስ ብሎታል። ይጨነቁ፣ ይቅመሱት ይላል። ትርንጎ የምትባል ክፉ ሴት እዚህ ቤት አለች፤ እኔው ነኝ። ት/ቤት ረፈደብኝ።

እዚያው ቀን፣ 9 ሰዓት

ከየት ልጀምር። በእረፍት ሰዓት አላስችል ብሎኝ ወደ ቤት መጣሁ። አባዬ የሉም። ምርኩዙም የለም። ጎረቤታችን ወ/ሮ ንግሥት ወደ መናኸሪያ ሲወርዱ አየኋቸው አለችኝ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው! ከግቢ ወጥተው አያውቁም ብዬ የማስባቸው ሰው።

ሮጥኩ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ከወልዲያ የገባውን ሹፌር ሁሉ ይጠይቃሉ። የተገለበጠ መኪና አላያችሁም? የሞተ ሰው አልሰማችሁም? አፌን ከመክፈቴ በፊት ተራ አስከባሪው አየኝና ሳቀ።

"አባ፣ ይኸው መጣችልዎ! ዛሬ ደሞ በየት በኩል ገባች?"

ምን ማለትህ ነው? አልኩት። አምደወርቅ የሄድኩ ዕለት አባዬ እዚህችው አግዳሚ ላይ ነበሩ አለ። ባለፈው ዓመት ለፈተና ኒሯቅ ስወርድም እንደዚሁ። የሚገባውን ሹፌር ሁሉ ልጄን አያችኋት? እያሉ ይጠይቃሉ። ጎማ ነው፣ ደህና ናት የሚል ወሬ ሲያገኙ ቀድመውኝ ወደ ቤት ይመለሳሉ። "እንዳትነግሯት እያሉ እኛንም ያስምሉናል" አለ።

ለምን ደበቁኝ? አልኳቸው።

"ትቆጪኛለሻ" አሉ።

እውነት ነው፣ እቆጣ ነበር። እግርዎ እንደዚህ ሆኖ ምን ያስወጣዎታል ብዬ ሰፈሩ እስኪሰማ እጮህ ነበር።

ክንዳቸውን ይዤ ጉዞ ወደ ቤት። ዳገቱ መሀል ላይ ነገርኳቸው። ኪሮስ ደህና ነው፣ ትናንትናውኑ ወጥቷል፣ መልእክቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ስለቀናሁ ነው አልኳቸው። ቆሙ። ስድብ ጠብቄ ነበር፣ በምርኩዙም ቢመቱኝ ደስ ባለኝ።

"ሌሊቱን ሙሉ ስቀብረው አደርኩ" አሉ።

ክንዳቸውን ከእጄ አወጡ። የቀረውን ዳገት ብቻቸውን ወጡት። ሦስት ጊዜ አረፉ፣ ሦስቱንም ጊዜ ከኋላቸው ቆሜ ጠበቅኩ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት

ሁለት ቀን ሙሉ አላናገሩኝም። ያቀረብኩትን ይበላሉ፣ ቀና አይሉም። ኪሮስ ደወለ። ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ በይ ቁጥሩን ወደ እኔ ስልክ ላዛውረው አለ፣ ሳይቆጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እሺ ልለው ነበር፣ ይገላግለኝ ነበር። ግን አባዬ ጧት ተነሥተው ምን ይጠብቃሉ? ተወው፣ እዚሁ ይቆይ አልኩት።

7 ሰዓት ተኩል

ጮኸ። ድምፁን መልሼ ከፍቼው ነበር። ወደ በራችን ሄጄ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በቱሉ ዲምቱ ገብቷል አልኩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የለውም። አልተነሣሁም። ወጡ ሲያር ሸተተኝ፣ አልተነሣሁም። አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ። እንደገና ጮኸ። በአዳማ በር ወጥቷል። አነበብኩ፣ ድምፄ ፈተና ላይ እንደቆመ ተማሪ ሆነ።

አላማተቡም። እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ሰጠኋቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ወ/ሮ ንግሥት ቤት ሄዱ። እሷ እንድታነብላቸው ነው።

ያመኛል። ግን ይሂዱ። አሁን ከአጥሩ ማዶ ድምፅዋ ይሰማኛል፣ ቃል በቃል ያው ነው። ነገም አነብላቸዋለሁ። ነገም ይዘውት ይሂዱ። እኔን እስኪያምኑ ድረስ።