ቀያዮቹ የኔ፣ ቅዳሜዋስ የማን?

ሰኞ፣ ጥር 5

ለዚህ ሳሎን ነዋሪዎች በሙሉ፣ እንዲሁም ጓዳ ውስጥ ለምትገኘው ባለቤቴ! ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በተቀመጠው የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ከቀያዮቹ ሽሪምፖች፣ ከነዚያ ባለ ፂም የውሃ ፍጥረቶች፣ ትልቋ የተቀቀለ ዝኩኒ ቀምሳለች። ቀምሳም አልጠላችውም። ዝርዝሩን እየተከታተልን እናቀርባለን።

ባለቤቴ ከጓዳ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ለማን ነው የምትለፍፈው?»

ለታሪክ ነው።

ያመጣቻቸው የልጅ ልጄ ናት፣ ፋርማሲ የምትሠራው። ቅዳሜ ለት ሁሉንም በአንድ ከረጢት ውሃ ይዛ መጣች። «ከአባዬ ጋር ተካፈሉ» አለች። አባዬ የምትለው የናቷን አባት ነው፣ ልብስ ሰፊውን። እኔን አባባ፣ እሱን አባዬ። የቱ ይበልጣል? ጠይቄያት አላውቅም። መልሱን እፈራለሁ።

እጇን ልትታጠብ ስትሄድ እኔ አካፈልኩ። ትልልቆቹ፣ ሆዳቸው ሞላ ያለው፣ እንደ ቲማቲም የቀሉት... ወደኔ። ቀጫጮቹ፣ የገረጡት፣ ከሆስፒታል የወጡ የሚመስሉት... ወደ ሰፊው። ቁጥሩ እኩል ነው። ፍርድ አላጓደልኩም።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

መጣች። ከሳምንቱ ያላት ነፃ ከሰዓት ይኸው ነው፣ እሱም የኔ ነው። ገንዳው ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። የሥራ ቦታዋን ሐሜት አመጣችልኝ፣ ኃላፊዋ ፀጉሩን ቀለም መቀባት ጀምሯል... ሳቅን።

ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ሲፈለፈሉ ማየት እፈልጋለሁ። እንቁላል ቀድሞ የታየበት ቤት ቅዳሜዬን ይወስዳል።»

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔም ሳቅሁ፣ ከአንገት በላይ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

እንቁላል! የትልቋ ጀርባ ላይ፣ ከራሷ ዝቅ ብሎ፣ ቢጫ ነገር። እንደ ትንሽ ኮርቻ። ወዲያው ሰፊው ጋ ደወልኩ።

«አማቼ፣ እንኳን ደስ ያለህ በለኝ።»

«ምን ተገኘ?»

«አያት ልሆን ነው።»

«ሆነህ የለም እንዴ?»

«እንደገና ነዋ!»

«የኔም... ደህና ናቸው» አለ። ድምፁ አየር እንደገባው ቧንቧ። ዕድሜዬን ሙሉ ቧንቧ ስጠግን ኖሬ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ልጅቷ አንገቷን አስግጋ አየችና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። እንዲህ ስታደርግ ጥሩ ዜና የላትም።

«አባባ፣ ይሄ ገና ውስጧ ያለ ነው። ቆዳዋን ስትጥል ነው ወደ ጅራቷ ሥር የምታወርደው። እዚያ ይዛ በእግሮቿ ታራግበዋለች፣ እስኪፈለፈል።»

«ወንዶቹስ ምን ይሠራሉ?»

«ቆዳዋን ስትጥል ይሸታቸዋል። ያብዳሉ! ገንዳውን እየዞሩ ይፈልጓታል።»

የኔዎቹን አየኋቸው። ሲግጡ ይውላሉ፣ ሲግጡ ያመሻሉ። እብደት ቀርቶ ፈጠን ያለ እንኳ የለም። ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?

ማክሰኞ፣ ጥር 20

አንዷ ሞተች! ድንጋዩ ላይ ነጭ ሆና፣ ፂሟ ሳይቀር... ጮህኩ። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ መጣች።

«ባዶ ነው እኮ። ልብሷን ነው ያወለቀችው።»

እውነትም የልብሱ ባለቤት ቅጠል ሥር ተደብቃለች። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ወንበር ሳብኩ። አሁን ያብዳሉ፣ አሁን...

ሌሎቹ ዝኩኒ በሉ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

አልመጣችም። ብደውልላት፦ «አባዬ ጋ ነኝ። አንዷ እንቁላል ይዛለች አለኝ!»

የሰፊው? እነዚያ የገረጡት? ሸሚዜን አዛንፌ ቆልፌ ወጣሁ። አውቶቡስ፣ ከዚያ ዳገት። «በዚህ ሳልፍ ነው ጎራ ያልኩት» አልኳቸው። ሰፊው የሸሚዜን ቁልፎች አየ። ሰፊ ነው፣ ያያል።

ገንዳውን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል፣ በጠመኔና በክር መሃል። የልጅ ልጄ ደግሞ፣ የኔዋ ልጅ፣ በጉልበቷ ወንበር ላይ ተንበርክካ የሱን አጉሊ መነጽር ይዛለች። ያንን መነጽር ለኔ አንድ ቀን እንኳ አውሶኝ አያውቅም።

«የታለች እርጉዟ?» አልኩ።

«ከድንጋዩ ጀርባ ናት» አለ። «ሰው ታፍራለች።»

«እስቲ ድንጋዩን አንሳው።»

«እርጉዝ አይረበሽም።»

ልጅቷ አንድ በአንድ ታያለች። ከዚያ መነጽሩን አስቀምጣ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ።

«አባዬ፣ አንድም እርጉዝ የለም። ሁሉም ወንዶች ናቸው! ቀጭን፣ ገርጣ ያለ... ወንድ እንዲህ ነው። ሴቶቹ ትልልቅና ቀያይ...» አቆመች። ወደኔ ዞረች። «ቆይ፣ አባባ... ማነው ያካፈለው?»

ኮርኒሱን አየሁ። ቆንጆ ኮርኒስ ነው፣ ጥግ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፣ መጠገን አለበት።

ሰፊው ጠረጴዛውን መታ። «አንተ ሰው! ሴቶቹን ሁሉ ሰብስበህ ስታበቃ በኔ ትቀናለህ?»

«አንተስ ወንድ አስረግዘህ ልጅቷን ጠራሃት!»

«ምን ላድርግ፣ አንተ ደውለህ አያት ልሆን ነው ስትለኝ!»

ሴቶቹን አምጣ አለ። ወንዶቹን ላክ አልኩ። ሁሉም በአንድ ገንዳ የሚሆኑበት ቤት ቅዳሜዋን ያገኛል። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሁለታችንም አልተናገርነውም። እሷ ቦርሳዋን አነሳች።

«እስክትስማሙ ሁለታችሁም ጋ አልመጣም።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

አልመጣችም። እሱም ጋ አልሄደችም፣ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ ትንሽ አፈርኩ። ከዚያ ቀኑ አልመሽ አለ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ትልቋ ቆዳዋን ጣለች። ያቺ ኮርቻ ያላት። አልተደበቀችም። መስታወቱን ይዛ ወደ ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች። ማን ይምጣላት? እኔ ነኝ የዘጋሁባት።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። «በር በሩን የምታየው አንተ ብቻ አይደለህም ማለት ነው» አለች።

ይህች ሴትዮ አንድ ቀን በቃል ትገድለኛለች።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ወሰድኳቸው። ሁሉንም። ትልቅ የማር ጠርሙስ ውስጥ ከነውሃቸው፣ አውቶቡስ ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጬ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ምንድን ናቸው?» አለችኝ። «ልጆቼ፣ ልድራቸው ነው» ስላት ወንበር ቀየረች።

ሰፊው በር ከፈተ። ጠርሙሱን አየ። እኔን አየ። ይስቅብኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር... «ግባ፣ እንዳይበርዳቸው» አለ።

ወዲያው ሊገለብጣቸው! እጁን ያዝኩት። ውሃ እንደ ጨርቅ ተቆርጦ አይገጠምም። ከገንዳው ወደ ጠርሙሱ ቀጭን ቱቦ ሳብኩ፣ ቱቦውን ቋጠር አደረግኩት፣ ጠብ... ጠብ... ውሃው ከውሃ እስኪላመድ።

«ይሄ ሁሉ ለሽሪምፕ?»

«አንተስ ሱሪ ስትሰፋ መጀመሪያ በክር ላላ አድርገህ ትጠልፍ የለም?»

ጠብታ ስናይ አመሸን። ኮርኒሱን ነገ እጠግንለታለሁ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ቤት ስገባ ገንዳዬ ባዶ። መብራቱን አላጠፋሁለትም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ሰፊው ደወለ። «ና! አብደዋል! ና!»

ደረስኩ። አንዷ ቆዳዋን ጥላለች፣ ቅጠል ሥር ናት። እነዚያ የገረጡት፣ ከሆስፒታል የወጡ ያልኳቸው... ገንዳውን ከዳር ዳር ያምሱታል! ላይ፣ ታች፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ አጠገቧ ደርሰው ያልፏታል።

«እዚያ! በስተግራ! ዕውር!» ይላል ሰፊው፣ ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ።

«ተዋቸው፣ ያንተን ዓይን ነው የወረሱት።»

አንዱ አገኛት። ለአፍታ ያህል ብቻ፣ ከዚያ ተለያዩ። ማታውን እንቁላሎቹ ጅራቷ ሥር ወርደው አየን፣ እንደ ወይን ዘለላ። ታራግባለች፣ ታራግባለች። ልጅቷ ጋ የደወለው ሰፊው ነው። እኔ ቁጥሩን እስካገኝ ቀደመኝ። አሁንም ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ተፈልፍለዋል። የክር ጫፍ ያህል ናቸው፣ ግን ፂም አላቸው፣ እግር አላቸው፣ ተወልደው ውለው ሳያድሩ ይግጣሉ። ስንት እንደሆኑ ሰፊው ቆጥሮ ይሳሳታል፣ እኔም ቆጥሬ እሳሳታለሁ፣ ሁለታችንም ያንተ ስህተት ነው እንባባላለን።

ቅዳሜዋ የሰፊው ሆናለች። እኔም ዳገቱን እየወጣሁ እመጣለሁ፣ ጠረጴዛው ፊት ሦስት ወንበር አለ፣ ልጅቷ መሃል። የኔ ወንበር ትራስ አለው፣ ከሱሪ ቁርጥራጭ የተሰፋ። «ማን ሰፋው?» ብዬ ብጠይቀው «እኔ እንጃ፣ እዚሁ አገኘሁት» አለኝ። ውሸታም።

ልጅቷ አንዱን ትንሽ በጣቷ አሳየችና፦ «ይሄ አባባን ይመስላል። የማይመለከተው ቦታ ነው የሚገባው።»

ሰፊው ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። መሀረብ አቀበልኩት።

...

ለራሴ በምጽፈው ላይ እንኳ ልዋሽ? እሺ። ዝኩኒው እውነት ነው፣ አውቶቡስ ላይ ያለችው ሴትም እውነት ናት። ሰፊው ግን አላለቀሰም። መሀረቡ የሱ ነው፣ ያቀበለኝም እሱ ነው።