አርባ አንደኛው ስም

ጥቅምት 4

ገበያው ቀዝቃዛ። ቀለም አንድም ቆርቆሮ አልወጣም። ጋሼ መዝገብ ሁለት ጆንያ ወረቀት አመጡ። መጠሪያውን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ የመከላከያ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስለሚሠሩ። እንዲያቃጥሉት የሚሰጣቸውን አሮጌ ወረቀት ለእኔ ያመጡታል። "ከሚጨስ ይጠቅልል" ይላሉ። ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ቀርቷቸዋል።

ማኅተም ያለበት ወረቀት ወፍራም ነው፤ ምስማር ቶሎ አይበሳውም። እሱን ለምስማር፣ ስሱን ለብሎን። ሃያ ዓመት እንዲህ ስጠቀልል አንዱንም አንብቤ አላውቅም።

ታናሽ ወንድሜ ብቅ ብሎ ነበር። የመጽሐፍ መደርደሪያው ወድቆበት ግማሽ ኪሎ ምስማር ወሰደ። "በጋዜጣህ አገር ታቃናለህ፣ መደርደሪያህ ይወድቅብሃል" አልኩት። ሳቀ።

ጥቅምት 6

በጠዋት ተመልሶ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ምስማሩን የጠቀለልኩበትን ወረቀት አጣጥፎ ይዟል። "ጥብቅ ምስጢር" ይላል። ድንበር ላይ አንድ ምሽግ ውስጥ ያለቁ አርባ አንድ ወታደሮች ስም ዝርዝር። አዛዣቸው ሦስት ጊዜ ደራሽ ጦር ጠይቆ ተከልክሏል። ይህ ከሆነ አራት ወሩ። ለቤተሰብ ግን "ግዳጅ ላይ ናቸው" ነው የሚባለው።

"ልታወጣው ነው?"

"እናቶቻቸው እየጠበቁ ነው።"

"ጠላትስ ማንበብ አይችልም?"

ወረቀቱን መልሶ ዘረጋና፣ "የምሽጉን ቦታ እሰርዘዋለሁ። ስሞቹን ግን አልሰርዝም።"

አርባው ስም ይነበባል። አንዱን ምስማሬ በሳስቶታል።

ሊወጣ ሲል፣ "የቀረውን ወረቀት አቃጥለው። እኔ ከየት እንዳገኘሁት አልናገርም" አለኝ።

ጓሮ ወስጄ አቃጠልኩት። ከጆንያው ሥር የዝርዝሩ የካርቦን ግልባጭ ወጣ። ሃያ ዓመት ያላነበብኩ ሰው ዛሬ ምን አስነበበኝ? የጎደለው ስም የጎረቤቴ የሹራብ ሠሪዋ ልጅ ነው። ከነአያቱ ስም።

እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት።

ጥቅምት 9

ጋዜጣው ወጣ። ሹራብ ሠሪዋ ጋዜጣውን ጨብጠው ሱቅ ገቡ።

"ወንድምህ አገር ሸጠ! ልጄ እዚያ እያለ ገመናችንን ለጠላት ያሳያል?"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እስቲ... አንብብልኝ።"

አነበብኩላቸው። በየስሙ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። አርባው ሲያልቅ ባንኮኒው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። "የለበትም! ተመስገን፣ የለበትም!"

ከሥር አንድ መስመር ነበር፤ "የአንዱ ስም አይነበብም" የሚል። አላነበብኩላቸውም።

ጥቅምት 10

ወንድሜን ወሰዱት።

ጥቅምት 15

እንድጠይቀው ፈቀዱልኝ። ከስቷል። የመጠየቂያውን የሽቦ ወንፊት ተጠግቼ፣ "ከእኔ ነው ልበላቸው?" አልኩት።

"አንተ ስትገባ ጋሼ መዝገብን ይዘህ ትገባለህ። አርፈህ ሱቅህን ጠብቅ።" ትንሽ ፈገግ ብሎ፣ "መደርደሪያው ግን ቆሟል" አለኝ።

በር ላይ ጉዳዩን የያዘው መርማሪ አስቆመኝ። "የእኔም ወንድም ድንበር ላይ ነው ያለው። የሞተብንን የሚቆጥር ጠላት የቀረነውንም ይቆጥራል። ምንጩን ይናገርና ይውጣ።" ዋሸ ልለው አልቻልኩም። ሁለቱም ልክ ቢሆኑስ? የንግድ ነገር ቢሆን መሐሉን አገኘው ነበር...

ጥቅምት 21

ሹራብ ሠሪዋ መጡ። እጃቸው ላይ ጅምር ካልሲ፤ በየወሩ ለልጃቸው ይልካሉ።

"ያልተነበበ ስም አለ ይላሉ። ለምን ደበቅከኝ?"

"እትዬ..."

"አንተ ቁም ነገረኛ ሰው ነህ። የእሱ አይደለም በለኝና ልሂድ። ብርድ እየገባ ነው፣ ይሄን ልጨርስ።"

ሒሳቡን ሠርቼው ነበር። ከተናገርኩ ከየት እንዳወቅሁ ይጠይቃሉ። አንድ ጩኸት ይበቃል፤ እኔም፣ ጋሼ መዝገብም አበቃልን። አፌ ግን ሒሳቡን አልጠበቀም።

"ካልሲውን ይተዉት፣ እትዬ" አልኳቸው።

አልጮኹም። እኔን አዩኝ። የምስማሩን ሣጥን አዩ። አጠገቡ፣ በማኅተሙ ወረቀት ፋንታ ለመጠቅለያ የቆለልኩትን አሮጌ ጋዜጣ አዩ። ከየት አወቅህ አላሉኝም።

ኅዳር 2

ሲቪል የለበሰ ሰው ሱቅ ገባ። ምስማር በምንድን ነው የምትጠቀልለው አለኝ። "በተገኘው" አልኩት። የማን ጥቆማ ይሆን?

ገና ሳይወጣ ሹራብ ሠሪዋ ገቡ። ጥቁር በጥቁር።

"ማን ሞተብዎት፣ እናቴ?" አላቸው።

"ልጄ። ወታደር ነበር።"

ሰውየው ነቃ አለ። "ማን ነገረዎት?"

እትዬ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም።

"እናንተ ልትነግሩኝ ይገባ ነበር። አልነገራችሁኝም።"

አንገቱን ደፋ። እሳቸው ወደ ባንኮኒው ተጠጉ።

"አንድ ምስማር ስጠኝ። ፎቶውን ልሰቅልበት ነው።"

እጄ እንደ ልማዱ ወደ ወረቀቱ ሄደ።

"አትጠቅልለው" አሉኝ። በጭብጣቸው ይዘውት ወጡ።

ሰውየውም ሄደ። ነገ ይመለስ ይሆናል። ወንድሜ አሁንም እዚያው ነው። ይህን ደብተርም ማቃጠል ነበረብኝ...

ከግድግዳው ባሻገር የእትዬ መዶሻ ይሰማል። ሦስት ጊዜ መታ። ከዚያ ዝም አለ።